«አፌ ተመስገን ይላል፤ ልቤ ግን እሺ አይልም» ላለች እኅት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ትኖራለች። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ቤት ተመዝግባ ሳታቋርጥ እየቆጠበች እስከ ዛሬ ዕጣዋን ትጠብቃለች። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ማታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ስልኳን ስትከፍት አብራት የተማረች ጓደኛዋ ያሠራችውን ቤት፣ የሳሎኑን መጋረጃ ሳይቀር፣ ታያለች። እንዲህም ብላ ጽፋለች፦ «አባቴ፣ ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ተመስገን እላለሁ፤ ልቤ ግን እሺ አይልም። ያለኝ ይበቃኛል ብዬ ልቀመጥ ብል ደግሞ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? በቃኝ ማለት ተስፋ መቁረጥ አይደለም ወይ? ባለፈው ሳምንት የስምንት ዓመት ልጄ ‹የእኛ ቤት የት ነው?› ብላ ጠየቀችኝና የምመልስላት አጣሁ።»

ልጄ ሆይ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ይልቅ ለፈውስ የሚቀርበው «ልቤ ግን እሺ አይልም» ያልሽው ቃል ነው። በዚሁ በከተማችን ጠርዝ በአንዲት ደብር ካህንና የንስሐ አባት ሆኜ ሳገለግል ቁጣውን፣ ሐሜቱን፣ ጾም መሻሩን የሚናዘዝ ብዙ ሰው ተቀብያለሁ፤ «የሰው ኑሮ እያየሁ የራሴ አስጠላኝ» ብሎ የሚናዘዝ ግን ጥቂት ነው፤ ተመስገን የሚለው ሰላምታችን ነገሩን ይሸፍነዋልና። ይህን ስል ሰላምታውን ግብዝነት ነው ብለሽ ተዪው ማለቴ አይደለም። እናቶቻችን በአፋችን ላይ ያኖሩት ቃል፣ ልብ ባይከተለውም እንኳ፣ ልብ የሚመለስበትን መንገድ ይዞ ይጠብቃል። አፍሽ ቀድሞ ደርሷል፤ ልብሽን ቀስ ብለን እናደርሰዋለን።

በቃኝ ማለት የሚማሩት ነገር መሆኑን ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው አንዳንዱ ሲፈጠር ረጋ ያለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲፈጠር የሚቅበጠበጥ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ልቡ ዕረፍት ሲያጣ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ ይተወዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ይላል። ተምሬአለሁ ያለ ሰው ቀድሞ የማያውቀው ነገር ነበር ማለት ነው። ወዲያው በሚቀጥለው ቍጥር «መጥገብንና መራብንም መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ» ሲል አማርኛው ያንኑ ቃል ይደግመዋል፤ በግሪኩ ግን ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው የተለየ ሆኖ ወደ ምሥጢር መግባትን፣ ከውጭ ለቆመ ሰው የማይገለጥ ነገር ማወቅን ያመለክታል። እዚህ ላይ መጉደል ብቻ ሳይሆን መጥገብና መብዛትም በትምህርት የሚያዙ ነገሮች ሆነው መቆጠራቸውን አስተውዪ፤ ቤቱን ያገኘ ሁሉ ልቡ ያርፋል ማለት ስላልሆነ ነው። «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» የሚለው አባባላችንም የሚናገረው ማዕድ ስለ ቀረበለት ሰው እንጂ ማዕድ ስላጣ ሰው አይደለም።

«ይበቃኛል» ተብሎ የተተረጐመው ቃል በግሪኩ አውታርኬስ ይባላል። በዚያ ዘመን ኢስጦኢኮች የተባሉት ፈላስፎች ቃሉን ለራሱ በራሱ የሚበቃ፣ ማንንም የማይፈልግ፣ ምንም ቢመጣበት ልቡ የማይነካ ሰው ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። ጳውሎስ ቃሉን ከእነርሱ ወስዶ ውስጡን ለውጦታል፤ ሁለት ቍጥር ዝቅ ብሎ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ይላልና፣ የበቃው ለራሱ በራሱ ሳይሆን በሌላው ኃይል ነው። ይህ ጥቅስ በየታክሲው የኋላ መስታወት ተለጥፎ በየዕለቱ የምናየው ነው፤ አብዛኞቻችንም «ያሰብሁትን ሁሉ አሳካለሁ» እንደሚል አድርገን እናነበዋለን። ሐዋርያው ግን «ሁሉን» ሲል ከላይ የዘረዘረውን ማለቱ ነው፤ ጥጋቡንም ረኃቡንም እችላለሁ ማለቱ ነው። ከዚያም ቀጥሎ በመከራው ስለ ተካፈሉት መልካም እንዳደረጉ ይነግራቸዋል። ኑሮዬ ይበቃኛል ያለው ሰው ስጦታ ተቀብሎ የሚያመሰግን፣ የሰው እጅ የሚያስፈልገው ሰው ነበር።

አማርኛችን ለዚህ የሰጠን አንድ ምልክት አለ፤ ሳስበው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ወጥ ሲጨመርልን «በቃኝ» እንላለን፤ በጸሎትና በትሩፋት ብዙ ዘመን የኖረውን አባት ደግሞ «የበቃ አባት» እንለዋለን። በአንድ ቃል ማቆምንም መድረስንም እንናገራለን። አንቺ የፈራሽው የመጀመሪያውን ነው፤ እጅን አጥፎ መቀመጥን። በቃኝ ማለት ግን መድረስም እንደሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ ተጉዞ የሚደረስበት ስለሆነም ተስፋ ከቆረጠ ሰው ጋር መንገዱ አንድ አይደለም።

ተስፋ መቁረጥ አይደለም ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ በኋላ የነቢዩ ሳሙኤል እናት የሆነችውን ሐናን አስቢያት። ሐና ልጅ አልነበራትም፤ ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲወጡ ታስቆጣት ነበር፤ ሐናም ታለቅስ ነበር፤ እህልም አትበላም ነበር። በሴሎ ቆማ ከልቧ ምሬት የተነሣ ወደ እግዚአብሔር ጸለየች፤ ካህኑ ዔሊም በሰላም አሰናበታት። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ተመልከቺ፦ ሴቲቱ መንገዷን ሄደች፣ በላችም፣ ፊቷም ከእንግዲህ ወዲያ አዘንተኛ መስሎ አልታየም። ልጁ ገና አልተፀነሰም። ቤቷ ስትመለስ ፍናና ከነልጆቿ እዚያው ናት። ይህ ሁሉ ሳይለወጥ እህል መብላት ቻለች። ሐና መለመኗን አልተወችም፤ ይልቁንም ከዚያ በፊት ለምና በማታውቀው መንገድ ለመነች፤ ነገር ግን ልመናዋን ካቀረበች በኋላ ዕረፍቷን በመልሱ ላይ አላንጠለጠለችም። ስለዚህ ልጄ፣ መቆጠብሽንም፣ ዕጣ መጠበቅሽንም፣ የተሻለ ሥራ መፈለግሽንም አትተዪ፤ ጳውሎስ ራሱ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነበር።

ቤት መሻትሽን ደግሞ እንደ ስግብግብነት አትቍጠሪው። ለጢሞቴዎስ በተጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» የሚል ቃል አለ። «ልብስ» የተባለው የግሪኩ ቃል በጥሬው መሸፈኛ ማለት ነው፤ ከዚህም የተነሣ ጣሪያን፣ መጠለያን ጭምር ይይዛል ያሉ ተርጓሚዎች አሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ሁለት ልጆች የያዘች እናት ማንም «በሚቀጥለው ወር ልቀቁ» የማይላት ቤት ብትመኝ የሚያስፈልጋትን ተመኘች እንጂ የማይገባትን አልፈለገችም። የልብሽ ሕመም ቤት መፈለግሽ አይደለም፤ የጓደኛሽ መጋረጃ ከቤትሽ ገብቶ የራስሽን ልጆች እንዳታዪ መሸፈኑ ነው።

እዚህ ላይ በክርስትና ስም ብዙ ጊዜ የተበደለ አንድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ርስቱ ለተወሰደበት፣ ደመወዙ ለተከለከለ ሰው «ያለህ ይበቃሃል በል» ብሎ መስበክ ወንጌል አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት የናቡቴ ታሪክ ውስጥ ኑሮዬ ይበቃኛል ያለው ማን እንደሆነ ተመልከቺ። ንጉሡ አክዓብ ቤተ መንግሥት ሳለው በአጠገቡ ያለችውን የናቡቴን የወይን ቦታ ስላላገኘ በአልጋው ላይ ተጋደመ፤ ፊቱንም ተሸፋፈነ፤ እንጀራም አልበላም። ናቡቴ ግን የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልስጥህ ሲባል «የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ» አለ። በቃኝ ያለው «እምቢ» ያለው ሰው ነበር። እኛ የምንኖርባቸው ብሎኮች የቆሙት በቅርብ ዓመታት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ መሆኑን ሳስብ ይህን ምዕራፍ በቀላሉ ማንበብ አልችልም።

የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ንግሥት አውዶክስያን የአንዲት መበለት ርስት ስለ ወሰደች እንደ ገሠጻት ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ404 ከመንበሩ ተሰደደ፤ በ407 ወደ ባሰ ስደት በእግሩ እየተነዳ ሳለ ኮማና በተባለች ቦታ ዐረፈ፤ በመጨረሻም የተናገረው «ስለ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነበር። ይህን ምስጋና የተናገረው ስለ ሌላው ሰው ርስት ዝም ያላለ ሰው ነው። ስለዚህ ተመስገን ማለት ለበደል መገዛት መስሎሽ እንዳትሰጊ።

አሁን ወደ ማታው ሰዓትሽ ልመለስ። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ የኖሩ አባቶች ሰውን የሚዋጉ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ለይተው ያስተምሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ኀዘን ነው። ሰው ስለ ኃጢአቱ የሚያዝነውን መልካሙን ኀዘን ማለታቸው አይደለም፤ የተመኘውን ሲያጣ የሚመጣበትን፣ ያለውንም ቀምቶ የሚያስጠላውን ኀዘን ነው። ይህ ሐሳብ የሚመጣበት ሰዓትና መግቢያ በር እንዳለው ያውቁ ስለ ነበር፣ ከሐሳቡ ጋር ከመሟገት በፊት በሩን መለየትን ያስቀድሙ ነበር። የአንቺ በር ጽሑፍሽ ላይ ተጽፏል፤ ልጆችሽ ተኝተው፣ ሰውነትሽ ዝሎ፣ ብቻሽን ሆነሽ ስልኩን የምትከፍችበት ሰዓት ነው። «የሰውነት መብራት ዓይን ናት» ያለው ጌታ ስለ ገንዘብና ስለ ጭንቀት ሲያስተምር መካከል ላይ መሆኑ እንዲሁ የሆነ አይደለም። ስልክሽን ጣዪ አልልሽም፤ በዚያ ሰዓት ግን አትክፈችው። ቀን ከሰው ጋር ሆነሽ ያንኑ ፎቶ ብታዪው እንደ ማታው አይጎዳሽም።

በር መዝጋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን ከራሴ ሕይወት አውቀዋለሁ። በክህነት ገና ስድስተኛ ዓመቴ ሳለ የማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡ የዲያቆኑን ድምፅ ያስጥለው ነበር። በጉባኤ ቤት ከእኔ ጋር ከአንድ አኩፋዳ የበላ፣ በአንድ ጎጆ ያደረ ወንድሜ በዚያው ዓመት በመሀል ከተማ ወደ አንድ ትልቅ ደብር ተዛወረ። ደስ አለኝ ብዬ ነገርሁት። ነገር ግን ጽና ይዤ እያጠንሁ ሳለ ልቤ የእርሱን ደመወዝ ከእኔ ጋር ሲያስተያይ አገኘሁት፤ ይህም አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልገሠጹኝም፤ «የክርስትና ስሙን ታውቀዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ተምሬ በዓለሙ ስሙ እንጂ በጸሎት ላነሣው በምችልበት ስም አላውቀውም ነበር።

በዚያው ሳምንት ደወልሁለትና ጠየቅሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «ለምን እንደ ጠየቅኸኝ አላውቅም፤ ግን በዚህ ሰሞን የሚጸልይልኝ ሰው እፈልግ ነበር» አለኝና ስሙን ነገረኝ። ምን እንደ ገጠመው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጸሎቴ ስሙን ማንሣት ጀመርሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአፌ ይወጣ የነበረው እንደ ደረቅ እንጀራ ነበር። ቅናቱም በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጎበኘኛል። ነገር ግን ያንን ሰው ሳስብ በፊት የማየው ደመወዙን ነበር፤ በኋላ ግን በስልኩ ውስጥ ዝም ያለበት ጊዜ ትዝ ይለኝ ጀመር። የሰው ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት ዕቃ ነው፤ በጸሎት ሲቀርቡት ሰው ይሆናል። ጓደኛሽ ዘንድ ደውዪና የክርስትና ስሟን ጠይቂያት። ከምመክርሽ ሁሉ አንድ ብቻ የምታደርጊ ከሆነ ይህን አድርጊ።

ስለ ልብ ማረፍ ከተጻፈው ሁሉ እኔ የምወደው ግን አጭሩን መዝሙር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር 130ኛው፣ በሌላው 131ኛው ነው። ዳዊት እዚያ ላይ ነፍሱን ዝም እንዳሰኛትና እንዳሳረፋት ሲናገር ጡት ከጣለ ሕፃን ጋር ያመሳስላታል። ጡት ከሚጠባ ሕፃን ጋር አለማለቱን ለብዙ ዓመታት ሳላስተውል አንብቤዋለሁ። የገባኝ የመጨረሻዋ ልጃችን ጡት ስትጥል ነው። ባለቤቴ እንደ እናቷ ወግ ጡቷን ሬት ቀባች። ሕፃኗ መጥታ ጎረሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ በዚያ አተያይዋ ውስጥ የነበረውን መገረም እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ለቅሶ ነበሩ፤ ልብሷን ትጎትታለች፣ ትገፋታለች፣ ደረቷን ትመታለች። እናቲቱም አብራ ታለቅስ ነበር፤ አቅፋት ግን ነበር፤ አላስቀመጠቻትም። ሦስት ሳምንት ያህል ሲያልፍ አንድ ማታ ልጅቷ በራሷ መጥታ እናቷ ጭን ላይ ወጣች፤ ራሷንም በዚያው ጡት ላይ አሳርፋ ምንም ሳትፈልግ ዝም ብላ ተኛች። የሚጠባ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ዕረፍት የለውም፤ ሽታዋ ወተቱን ያሳስበዋልና ይፈልጋል። ጡት የጣለው ግን የሚፈልገው እርሷን ነው።

ነፍስ በእግዚአብሔር ፊት በቃኝ የምትለው እንደዚያች ልጅ ነው። ሬቱንም፣ ሌሊቱንም፣ ለቅሶውንም ሳታልፍ ወደዚያ ዝምታ አትደርስም። አንቺ አሁን ያለሽበት ሌሊቱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ልብሽ ልብስ እየጎተተ «ስጠኝ» ማለቱ ከእናቱ ጭን መውደቁን አያሳይም። ስለዚህ በጸሎትሽ ውስጥ ምሬትሽን አትደብቂ። እስራኤል በምድረ በዳ የተወቀሱት ስለ ተራቡ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው፣ በሙሴም ላይ ስላጉረመረሙ ነው። ሐናም መራራ ነበረች፤ ነገር ግን ምሬቷን ይዛ የሄደችው ወደ መቅደስ ነው። ለጎረቤት የምትነግሪውን ያንኑ ቃል፣ ሳታሳምሪው፣ በሥዕለ ማርያም ፊት ቆመሽ ለጌታ ንገሪው።

ምስጋናን በተመለከተ ጸሎታችን ራሱ ያስተምረናል። በቅዳሴ የምንሰማው ጸሎተ አኰቴት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምርና ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና እያለ ሄዶ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና ይላል። የሚያነሣው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ልመናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም ማታ ስልኩን ትከፍችበት በነበረው ሰዓት «እስከዚህች ሰዓት አድርሰኸኛል» በዪና በዚያች ቀን ከሆነልሽ ሦስት ነገር ጥሪ። «ቤተሰቤ ደኅና ነው» የሚለው ሰፊ ስለሆነ ልብ አይይዘውም። «ሌሊት 9 ሰዓት ውኃ መጥቶ ሁለት ጀሪካን ሞላሁ፤ ረዳቱ ሕፃን አቅፌ ሲያየኝ ከፊት አስቀመጠኝ፤ ልጄ ጫማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አሰረች» የሚለው ግን ይይዘዋል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የምንለው ወርቁን በስሙ ስለማንጠራው ነው። አንዳንድ ማታ ሦስት ነገር አጥተሽ አንድ ብቻ ታገኛለሽ፤ ያን ቀን አንዱን ብቻ በዪና ተኚ።

ጾምን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ብዙ አልናገርም። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾምም 55 ቀን፣ ሆድ «አሁን» ሲል «ቆይ» የምንልበት ጊዜ ነው፤ ሆድን ቆይ ማለት የለመደ ሰው ዓይኑንም ቆይ ማለት ይቀለዋል። ስለ ምጽዋት ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ካለሽ ትንሽ ላይ ስጪ። ሁልጊዜ ተቀባይ፣ ሁልጊዜ ጠባቂ ነኝ የሚለው ስሜት ልብን ከሚያደኸዩት ነገሮች ዋናው ነው። ዕጣ በመጠበቅ ከ12 ዓመት በላይ ያለፈው ሰው ራሱን በሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ብቻ አድርጎ ማየት ይጀምራል። አንድ እንጀራ ቆርሰሽ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡት ነዳያን ስትሰጪ ግን በዚያች ደቂቃ ሰጪ ነሽ፤ እጅሽ ልብሽ የማያምነውን ነገር ይመሰክርለታል።

እንቅልፍ አጥተሽ የሚነጋ ከሆነ፣ ልጆችሽ ሲስቁ እንኳ ምንም የማይሰማሽ ከሆነ፣ መኖርሽም የሚያታክትሽ ከሆነ፣ ይህ በምስጋና ማነስ የመጣ ስላልሆነ ሳትዘገዪ ሐኪም እዪ፤ ለባለቤትሽም ንገሪው። ሐኪም ቤት መሄድ የእምነት መጉደል አይደለም፤ ጸበሉም መድኃኒቱም ከአንድ እግዚአብሔር ነው።

ልጅሽ ለጠየቀችሽ ጥያቄ እውነቱን መልሺላት። «እግዚአብሔር አልሰጠንም» ብለሽ አትመልሺላት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ስትሰማ እግዚአብሔር ለእነእገሌ ሰጥቶ እነርሱን የረሳ ይመስላታል። «ይህ ቤት የሰው ነው፤ እየከፈልን እንኖርበታለን፤ አባትሽና እኔ ለራሳችን እየቆጠብን ነው፤ መቼ እንደሚደርሰን አናውቅም» በያት። ልጅ እውነት ሲነገራት ትረጋጋለች፤ የሚያስጨንቃት የእናቷ ፊት መለወጡ ነው። ከዚያም ምሽት ራት ሲቀርብ አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁ ድገሙና «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ላይ ስትደርሱ ቆም ብለሽ ትርጉሙን ንገሪያት፦ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። ዛሬ የተሰጠው መሶቡ ላይ አለ፤ በእጇ ትቍረሰው። በሚመጣው እሑድ ድፎ ስትደፊ ደግሞ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሳሕን አድርጊላትና ፎቅ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩት ጎረቤት እርሷ ራሷ ታድርስላቸው፤ ከማን ነው ብለው ሲጠይቋት «ከቤታችን» ብላ እንድትመልስ ንገሪያት።